ያለ ዕድር የሚሸኙት የወይዘሮ አልጣሽ ጀቤሳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አልጣሽ ጀቤሳ ከአባታቸው ከአቶ ጀቤሳ ሞሲሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቂቱ ቱፋ በየካቲት ወር 1951 ዓ.ም. ዛሬ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ተወለዱ። ያኔ እዚያ ጤፍና ሽንብራ ይበቅል ነበር። ክርስትና የተነሡት አሁን አስከሬናቸው በፊታችን ባረፈበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁጡ ነበሩ። እንደዚህ ባለ ጽሑፍ ላይ ሟች ሁሉ ትሑት፣ ደግና ከሰው ተግባቢ ይባላል። እሳቸው በየቀብሩ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ተሳስተን ሌላ ሰው ልንቀብር ነው እንዴ?» ይሉ ነበር፤ አጠገባቸው የቆመ ሁሉ ይሰማቸዋል። ስለዚህ እኛ ልጆቻቸው አንዋሽባቸውም። እናታችን ትሑት አልነበሩም። ያሰቡትን ሳይናገሩ ያደሩበት ቀን ትዝ አይለንም። ምራታቸውን ያስለቀሱበት ቀን ግን ትዝ ይለናል፤ ምራታቸውም ትዝ ይላታል።

በ1969 ዓ.ም. ከአቶ ሂካ ዋቅቶላ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኦብሴንና ፊራኦልን ወለዱ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጣ ጊዜ ኦብሴን አዝለው ፊደል ቆጠሩ፣ ከዚያም በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘለቁ። ከባለቤታቸው ጋር እያረሱ፣ ላም እያለቡ፣ ወተቱን ቦሌ ድረስ በእግራቸው እየወሰዱ እየሸጡ ሁለታችንንም አስተማሩን።

በ2004 ዓ.ም. መሬታቸው ለቤት ግንባታ ተወሰደ። ስለ ካሣው ሲጠየቁ «ለገለባው ከፈሉን፤ ስለ መሬቱማ ማን አናገረን?» ይሉ ነበር። አባታችን አቶ ሂካ ማረስ ካቆሙ በኋላ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት አጡ። በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ፤ እናታችን ግን የሐኪሙን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቀበሉትም።

ከመሬታቸው ከተነሡ በኋላ ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ በምግብ አብሳይነት ሰባት ዓመት ሠርተዋል። እጃቸው የተመሰገነ ነበር፤ አፋቸው ግን ማስጠንቀቂያ አሰጥቷቸዋል። አንዲት እንግዳ የቀረበላትን ምግብ ፎቶ ስታነሣ ስታነሣ ቀዝቅዞባት እንዲሞቅላት ብትመልሰው «ለስልክሽ አጉርሺው እንጂ እኔ ዳግመኛ አላሞቅም» አሏት። አለቃቸው ይቅርታ ጠይቂ ቢሏቸው ምግቡን ይቅርታ ጠየቁ።

በ2011 ዓ.ም. በምትክነት የተሰጣቸው ቤት እዚያው በመሬታቸው ላይ በቆመው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጉልበታቸው ያኔም ያማቸው ነበር። «እርሻዬን ወስደው ደረጃ ሰጡኝ» የሚለውን ቃላቸውን የብሎካችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየፎቁ ቆመው ትንፋሽ እየሰበሰቡ ይሉት ነበርና። ውኃ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ቁጣቸው ወደ ዋናው መንገድ ይዞር ነበር። መንገዱ ዳር የተተከለው ዘንባባ በየቀኑ በቦቴ ውኃ ይጠጣል፤ የብሎኩ እናቶች ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። እሳቸው የቦቴውን ሾፌር አስቁመው «ልጄ፣ እኔም አንድ ጥግ ልተከልልህ?» ብለውታል። ሾፌሩ ስቆ አንድ ጀሪካን ሞላላቸው። እሳቸው አልሳቁም።

በየስብሰባው ይጠሩ ነበር፤ አይቀሩም ነበር። አንድ ጊዜ ወረዳው በጠራው ስብሰባ ላይ የተናገሩትን እንዳለ እንጽፈዋለን፤ «ልጅ ሆኜ ግራ እጃችሁን አንሡ አሉን፣ አነሣን። ቀጥሎ የመጡት ለድምፅ እጅ አውጡ አሉን፣ አወጣን። አሁን ደግሞ ስልካችሁን አንሡና ቅረጹ ትሉናላችሁ። እጃችን መቼ ነው የሚያርፈው? እንጀራችንን በምን እንብላ?» አዳራሹ አጨበጨበ። ይህ የባሰ አናደዳቸው። «ለሁሉም የምታጨበጭቡ ናችሁ» ብለው ወጡ።

የልጅ ልጃቸውን ልዩን ትምህርት ቤቷ በግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ተናገርሽ ብሎ ቢቀጣት፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱላቸው። አያቷን የሚያስረሳ ትምህርት በክፍያ እንደማይገዙ ነገሯቸው። በፊራኦል ሠርግ ላይ ድሮኑ ከጭንቅላታቸው በላይ ሲያንዣብብ ኬክ ሳይቆረስ ወጥተው ሄዱ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በስልክ ቪዲዮ የሚያስተላልፍ ሰው ሲያዩ ደግሞ ስልኩን ከእጁ ይቀሙ ነበር። ሁልጊዜ ልክ ነበሩ አንልም። ዝም ብለው ግን አላለፉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህ ክፍል እንዳይነበብ ተጠይቀናል።

ወይዘሮ ብርኽቲ ገብረእዝጊ በር ለበር ጎረቤታቸው ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ የሚኖሩት ወንድማቸው፣ መምህር ይሕደጎ ገብረእዝጊ፣ ሞቱ። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ወሬው ወራት ዘግይቶ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደረሰ። ከዚያ የወጣ ሰው ለእህት ደፍሮ መናገር አቅቶት ለእናታችን ነገራቸው። በወጉ መሠረት መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ የዕድር ሽማግሌዎች ባሉበት ነው። እናታችን ይህን ዕድር ካቋቋሙት አንዷ ስለነበሩ ወደ ሰብሳቢው ሄደው ሰውና ድንኳን ጠየቁ።

ሰብሳቢው «ጊዜው አይደለም» አሉ። አስከሬን የለም፣ ማስረጃ የለም፣ ሰውየው በምን እንደሞተም አይታወቅም አሉ። ዱባይ ለሞተች የአንደኛ ፎቅ ልጅ አስከሬኗ ሳይመጣ ድንኳን የተከለው ይኸው ዕድር ነው። እናታችንም «ለዱባይ የደረሰ ድንኳን ለጎረቤት አጠረ? የእናንተ ፍርሃት እንጂ የሷ ሐዘን ጊዜ አይመርጥም» ብለዋቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ማለዳ መርዶውን ብቻቸውን አረዱ። የላስቲክ ሸራና የአልጋ ልብሳቸውን ከደረጃው ብረትና ከልብስ ማስጫው ገመድ ጋር አስረው ጥላ ሠሩ። የጥበቃ ሠራተኞች እንዲያነሡት ሲነግሯቸው የመለሱት መልስ ይህ ነው፤ «ይህ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነው። እዚህ ላይ ሸራ ለመወጠር ማንንም አላስፈቅድም።» ሦስት ቀን ከወይዘሮ ብርኽቲ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። የመጣ ሰው ቢኖር የምድር ቤቱ ባለሱቅ ሃይደር ነው፤ ዳቦና ውኃ ይዞ ገብቶ እስኪመሽ አብሯቸው ተቀመጠ። ሌላው መስኮቱን ዘጋ። ይህን የምትሰሙ ጎረቤቶቻችን፣ የትኛው መስኮት የማን እንደሆነ እናታችን ቆጥረው አልነገሩንም። ቢነግሩን ኖሮ እዚህ እናነበው ነበር።

ዕድሩም «አባላትን በማወክ» ብሎ ስማቸውን ሰረዘ። እዚህ አገር ዕድር የሌለው ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ማን ይቀብርሽ ይሆን?» ያሏቸው ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ይቅርታ ጠይቀው እንዲመለሱ መልእክት ተላከባቸው። «ይቅርታው የብርኽቲ ነው፤ ወስዳችሁ ለሷ ስጧት» ብለው መለሱት። ለወይዘሮ ብርኽቲ የሰጣቸው የለም። እናታችንም ወደ ዕድሩ አልተመለሱም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኩላሊታቸው ደከመ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ጓንትና መርፌ ከውጭ ግዙ በተባልን ቁጥር «ሐኪሙንም ከውጭ እንግዛ?» እያሉ ነርሶቹን ያስቁ ነበር። ሌሊቱን እየተፈራረቅን ስናስታምም ከልጆቻቸው እኩል ተራ የያዙት ወይዘሮ ብርኽቲ ናቸው። ወይዘሮ አልጣሽ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ኮሚቴ ቤታችን መጣ። ድንኳኑም ወንበሩም መኪና ላይ ተጭኗል አሉን። ይህን ጽሑፍ ጠይቀው አነበቡና የጦርነቱን ነገር ብታወጡት ወዲያው እንተክላለን አሉ። ሰላም ከወረደ በኋላ ቁስል መቀስቀስ ምን ይጠቅማል አሉ። ልንዋሽ አንችልም፤ አመንትተን ነበር። ለቀስተኛው ብዙ ነው፣ ቤቱ ጠባብ ነው፣ እናት ያለ ድንኳን መሸኘት ያሳፍራል። ፊራኦል እስክሪብቶ አንሥቶ ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ ብርኽቲ ከጓዳ ወጥተው «ግዴለም ልጆቼ፣ የእኔን አውጡት፤ ለእማማ ድንኳን ይተከልላቸው» አሉ። ኮሚቴው ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ መልካም ሐሳብ ነው ማለቱ ነበር። አንድም ሰው ቀና ብሎ ፊታቸውን አላየም። ኦብሴ በሩን ከፍታ ኮሚቴውን አስወጣች።

ስለዚህ ድንኳን የለም። የሰብሳቢውን ስም እዚህ አልጻፍነውም፤ ከፊታችን ቆመዋል።

ወይዘሮ አልጣሽ የሁለት ልጆች እናትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ከእነዚህ ጋር ሐዘንተኛዋ ወይዘሮ ብርኽቲ ናቸው፤ በጎረቤት ሳይሆን በልጅ ቁጥር። ከቀብር መልስ እዝን የምንቀመጠው በወይዘሮ ብርኽቲ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ያልበቃው ደረጃው ላይ ይቀመጣል። የዕድሩ ሰዎችም ኑ፤ በሩ አይዘጋባችሁም። በሩ ላይ የሚቀበሏችሁ ወይዘሮ ብርኽቲ ናቸው። ስለ ወንድማቸው ስለ መምህር ይሕደጎ አስቀድማችሁ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» በሏቸው። እኛን ከዚያ በኋላ ታጽናኑናላችሁ።

የእናታችንን የወይዘሮ አልጣሽን ነፍስ፣ ከእሳቸውም ጋር በዚህ ሰፈር ስሙ ሳይጠራ የቀረውን የመምህር ይሕደጎን ነፍስ እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን በሉ። ያላለ ይታወቃል።