ቅቤ በፍልሰታ

ረቡዕ
ቅቤ አበላኋቸው። በፍልሰታ! ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አረም እዚህ ሱዳን፣ ቁረይሻ የመጡ አሥራ አንድ ጎንደሬዎች፣ ሲጾሙ ውለው በዘጠኝ ሰዓት የምስር ወጤን ጠርገው በሉ። "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ትዝ ያለኝ ዕቃ ሳጥብ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ የተረፈችኝን ቅቤ አቅልጬ፣ እንዲበረክት ብዬ ዘይቱ ላይ ገልብጫታለሁ። ቁጠባዬ ጉድ ሠራኝ።

ማንም አላወቀም። እነሱ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ካቶሊክ። ብናገር "ሆን ብላ ነው" ቢሉስ? ቢያባርሩኝስ? ክረምቱን ሌላ ሥራ የለኝም።

ሐሙስ
ዘይቱን ደፋሁ። ቆርቆሮውን በአመድና በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ ፈተግሁት። አፌ ግን አልተከፈተም።

ለፋሲካ ገዳሪፍ ከተማ የመጡት የእኛ የካቶሊኮቹ አባ "ቅድስና የመነኩሴ ብቻ አይደለም፤ የአናጢውም የወጥ ሠሪዋም ነው" ብለውን ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ዕቅድ ጻፍሁ፦ ማለዳ መጸለይ፣ ለሁሉም እኩል መጨለፍ፣ አለመቆጣት። ጸሎቱ ተሳክቷል፣ መጨለፉም። የቁጣው ነገር አይነሣ። ስለ ቅቤ ምንም አልጻፍሁም።

ዓርብ
ተናገርሁ። ምግቡ ሳይቀርብ።

የሁሉም ታላቅ አያ ምህረቱ ናቸው የመለሱልኝ። "በይ እሽ። እኛም ሳናውቅ፣ አንችም ሳታውቂ ነው። አገር ስንገባ ለነፍስ አባታችን እንናገራለን" አሉ። እጃቸውን መሳም አማረኝ።

ዳሳሽ የሚባለው ጎረምሳ ግን "ካቶሊክ የጾም ነገር ምን ገዷት!" ብሎ ተነሣ። ደረቅ ኪስራውን፣ የሱዳኖቹን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ ይዞ ሄደ። እኔም እኮ አብሬያቸው እጾማለሁ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዋጥሁት። ለእኔ ይህ ትልቅ ድል ነው።

ቅዳሜ
ዳሳሽ ዛሬም ወጤን አልነካም። ጭቃ ውስጥ ሲያርም ውሎ ኪስራ በውሃ! ድርሻውን ከድኜ አስቀመጥሁለት፤ እንደተከደነ አመሸ።

እሑድ
ሥራ የለም። እዚህ ቅዳሴም የለም፤ ጎጆዬ ውስጥ መቁጠሪያዬን ይዤ ጸለይሁ። ስለ አሥሩ አመሰገንሁ፣ ስለ አንዱ ለመንሁ።

ረፋዱ ላይ ዳሳሽ ሳህኑን ይዞ መጣ። ዐይኔን አያይም።

"እታለም፣ ቅቤ መሆኑን በመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ" አለኝ። "አውቄ በላሁ። ደግሜም አስጨለፍሁ። አንች ስትናገሪ ነው ያፈርሁት።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። "ተቀመጥ" አልሁት። የሁለት ቀን ረሃብ ነው፣ ብዙ በላ። ለአያ ምህረቱ ይንገራቸው አይንገራቸው አላውቅም፤ ከእኔ ግን አይሰሙም። ተመስገን።