ዜማው ገና አልተበላሸም

ውድ ወንድሜ፣

"ለጤናህ እንዴት ነህ?" ብዬ ብጀምር ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ "እታለም፣ የሞተ ሰው ጤናው ይጠየቃል እንዴ?" ብለህ ትስቅብኛለህ። እንግዲያው የኔን ልንገርህ። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ሰሞኑን ደህና መሆን ጀምሬያለሁ፤ እንዴት እንደጀመርኩ ልነግርህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሬዲዮው ሁሉ ስምህን ይጠራል። በሕይወት ሳለህ ማን ያውቅህ ነበር! ቀን መዝገብ ቤት ፋይል ስትደረድር የምትውል፣ ያንተው ዘፈን የሚጮህበት አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ አጥተህ ቆመህ የምትሄድ ሰውዬ። የከተማው ሰው ግማሹ ባንተ ዘፈን ተጋብቶ፣ ባንተ ዘፈን ተኳርፎ፣ ባንተው ዘፈን ታርቋል። የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት "የዚህን ዘፈን ደራሲ ባገኘው ግንባሩን እስመው ነበር!" ሲል፣ "ካገኘኸው ለኔም ሳምልኝ" ብለኸው መብላትህን ቀጠልክ። እኔ በሳቅ ልሞት!

አዲስ ዜማ በመጣልህ ቁጥር ስፌት ቤቴ ብቅ ትልና፣ ከነግጥሙ አንዴ ብቻ አሰምተኸኝ እብስ ትላለህ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ ጋዜጣ ዘርግተህ ትቀመጣለህ። እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ ሳላውቀው ማንጎራጎር ስጀምር ጋዜጣው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የምትስቅብኝ እየመሰለኝ ስንቴ በሜትር ገርፌሃለሁ! ምን ላድርግ፣ ድምፄ ድምፅ አይደለም። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ልጄ፣ አንቺ ስትዘፍኚ ጎረቤት የታመመብን ሰው ያለ ይመስለዋል" ትል አልነበር?

ከቀብርህ በኋላ ግን አፌ ተለጎመ። ስፌቱን እሰፋለሁ፤ ጉሮሮዬ ግን ጭጭ። እንዲህ እንዳለሁ ዘፋኟ መጣች፤ ያቺ ከልጅነቷ ጀምሮ ዘፈኖችህን የምትዘፍንልህ፣ አንተ "ወርቅ ጉሮሮ" የምትላት። ወዳጆችህ ላንተ መታሰቢያ የሙዚቃ ምሽት እያዘጋጁ ነው አለችኝ። ሆስፒታል ተኝተህ የሠራኸው የመጨረሻው ዘፈንም እሷ ጋ አለ። ግን መዝፈን አልቻለችም።

"ለምን?"

"ዜማው ገና አልተበላሸማ፣ እትዬ።"

"ምን አልሽ?"

ዳር ዳር አለች። "እንቅጩን ንገሪኝ!" ብዬ አፈጠጥኩባት።

"ጋሼ ሁልጊዜ ሁለት ዜማ ነው የሚያሰማኝ፤ መጀመሪያ የሱን፣ ቀጥሎ አንቺ ያንጎራጎርሽውን። 'እህቴ እዚህ ጋ ሳተችው፤ ስህተቷ ከኔ ልክ ይበልጣል' ይልና አንቺ በሳትሽው ያስዘፍነኛል። ሰው የሚያለቅስባቸው ቦታዎች እኮ፣ እትዬ፣ አንቺ ያበላሸሻቸው ናቸው።"

ክው አልኩ። አንተ ሌባ! ዕድሜ ልኬን ያፈርኩበትን ድምፅ አገር ሲዘፍነው ይኑር፣ አንተ ጋዜጣህን ይዘህ ጸጥ? ለምን እንዳልነገርከኝ ብጠይቃት፣ "ካወቀች መጠንቀቅ ትጀምራለች ይል ነበር" አለችኝ። ተናደድኩ፤ ደግሞ አለቀስኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን ያሾፍብኛል ስል፣ ለካ ታዳምጠኝ ኖረሃል። አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ።

"ሳይበላሽማ አልዘፍነውም" አለች ወርቅ ጉሮሮ። "ካልሆነ ከሱ ጋር ተቀበረ ማለት ነው።" ከዚያ ልክ እንዳንተ አንዴ ብቻ አሰማችኝና ሄደች። "ደጁን አትዝጉት፣ ገና ሰው ይመጣል" ይላል ዘፈኑ። "ይመጣል" የሚለው ላይ ዜማው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሲጠብቅ ቆይቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይመስላል። እኔን! አሞህ እንደነበር ያስታውቃል።

ያን ሳምንት እንዴት እንደከረምኩ አትጠይቀኝ። የመጨረሻው ዘፈንህ በኔ አፍ ምክንያት ሊቀር ነው። ጭንቅ ያዘኝ። ላንጎራጉር ስል የምስትበትን ቦታ መፈለግ እጀምራለሁ፤ ስህተት ደግሞ እንደ ወደቀ መርፌ ነው፣ ሲፈልጉት አይገኝም። ወርቅ ጉሮሮ ተመልሳ ስትመጣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጮክ ብዬ ዘፈንኩላት። ሰማችኝና አንገቷን ደፋች።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ልክ ነው።"

በዕድሜዬ አንድ ሰው ልክ ዘፈንሽ ቢለኝ፣ እሱም መርዶ ሆኖ አረፈው!

የሙዚቃ ምሽቱ ዋዜማ ለመድረክ የሰፋሁላትን ቀሚስ ልትለካ መጣች። ስለ ዘፈኑ እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። የቀሚሱ ጠርዝ በአንድ ጎን ወርዷል። የቆረጥኩት እኔው ስለሆንኩ የምሰድበው ሰው እንኳን የለም። ተንበርክኬ፣ አፌን በስፒል ሞልቼ፣ ንድድ ብሎኝ ጠርዙን እያነሳሁ እወጋለሁ። ድንገት ቀና ብል ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ስፒል የወጋኋት መስሎኝ ደነገጥኩና አፌ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተፋሁት።

"ምን ሆንሽ? ወጋሁሽ?"

"ዝም በይ፣ እትዬ! አይ፣ ዝም አትበይ! ድገሚው!"

ለካስ ሳንጎራጉር ነበር። "ይመጣል" የሚለው ላይ፣ አንተ በወረድክበት፣ እኔ ሽቅብ ወጥቻለሁ። ልድገመው ብል አቃተኝ፤ እሷ ግን ይዛዋለች። አቀፈችኝና ልንወድቅ እስክንደርስ ተንገዳገድን፤ ያ ሁሉ የሰካሁት ስፒልም ረገፈ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የመዝገብ ቤት ባልደረቦችህ ሳይቀሩ መጥተዋል፤ አለቃህማ "አብሮን ሲውል ምናለ አንድ ቀን እንኳን ቢነግረን" እያለ ያዝናል። ወርቅ ጉሮሮ መድረክ ላይ ወጣችና "ግጥምና ዜማ የጋሼ፣ ስህተቱ የእህቱ!" አለች። ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ዘፈኑ "ይመጣል" ላይ ደርሶ ሽቅብ ሲወጣ ግን ሳቁ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ከኋላዬ "ውይ!" ስትል ሰማኋት። ሁለተኛው ዙር ላይ አዳራሹ በሙሉ ተቀበላት። እኔም አላስቻለኝም፤ ብድግ ብዬ በዚህ በተሰነጠቀ ድምፄ፣ ያለ ምንም ሃፍረት፣ ጮክ ብዬ ዘፈንኩ። አሁን ሰው ሁሉ ዞሮ ያፈጥብኛል ብዬ ነበር። አንድም የዞረ የለም፤ ሁሉም እንደኔ ነበር የሚዘፍነው።

የምትወድህና የምትቆጣህ፣
ታላቅ እህትህ