ጌጧ ወልቋል

ውድ ነአምን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው፤ እንዳትኩራራ። ያልደወልኩልህ ደግሞ ስለማውቅህ ነው። በስልክ አንድ ነገር ስጀምር «ቆይ ላስረዳሽ» ትላለህ፣ ታስረዳኛለህ፣ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ሆኜ እገኛለሁ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። አያንቱ ነገ ወደ ሐዋሳ ስለምትሄድ በእጅህ ትሰጥሃለች። አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትደውል።

ተጠራጣሪ ነሽ ትለኝ የለ? አዎ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አንተም ብትሆን ከመስከረም ወዲህ ለጥርጣሬ የተመቸህ ሰው ነበርክ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «እንጦጦ ወጥቼ በእግሬ ልሂድ፣ ቦርጬ እየመጣ ነው» ብለህ አያት ካለው ቤታችን ትነሳለህ። ስትመለስ ጫማህ ላይ የእንጦጦ አፈር የለም፣ ሸሚዝህን ላብ አልነካውም። ቦርጭህም ቢሆን የትም አልሄደ። የመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ግን ባዶ የብርቱካን ፌስታል አገኛለሁ። እኛ ቤት ብርቱካን ከገባ ስንት ጊዜው ነው?

ለአያንቱ ቢሮ ቁጭ ብለን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እኔ ልሙት ሩሃማ፣ ለውሽማው ብርቱካን የሚገዛ ወንድ አይቼ አላውቅም። ብርቱካን ለታመመ ሰው ነው» አለችኝ።

«እንግዲያው ታማለች ማለት ነዋ» አልኳት።

በዚህ ላይ ያ የበረንዳው ስልክ መጣ። ወደ ሐዋሳ ለሥራ ልትሄድ ስትነሳ እኔ ሻንጣህን እያሰናዳሁልህ ነበር። አንተ የበረንዳውን በር ገርበብ አድርገህ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታወራለህ። መስማት ስፈልግ ደግሞ ጆሮዬን ታውቀዋለህ። «ጌጧ እንደወለቀ ነው» አልክ። «ስይዛት ደህና ነበረች እኮ፣ እንደዚያ ትሆናለች ብዬ መች አሰብኩ። አንተ ብቻ ተመሳሳዩን ፈልግላት፣ እኔ እገዛላታለሁ። ሩሃማ እንዳትሰማ ብቻ።»

እኔ ደግሞ እየሰማሁ ነበር። ካልሲህን በእጄ እንደያዝኩ ሄጄ የጌጥ ሳጥኔን ከፈትኩ። ጉትቻዬም፣ ሀብሌም፣ የእናቴ ቀለበትም በቦታቸው ናቸው። ታዲያ ስትይዛት ጌጧ የወለቀባት ማን ናት? መኪናዋ ትዝ አላለችኝም። የፊተኛውን በር ጌጥ፣ ያንን ረጅም ብርማ ነገር፣ «ሌባ ነቀለብን» ብለኸኝ ስለነበር ያ ነገር ተዘግቷል። የተሰረቀ ነገር ደግሞ ወለቀ አይባልም።

ምንም አልጠየቅኩህም። ሻንጣህን ዘግቼ «በሰላም ግባ» አልኩህ፤ ቅዝቅዝ ብዬ እንደነበር አይተሃል። በሩ ላይ ዞር ብለህ «አደራ፣ መኪናዋን ከከተማ አውጥተሽ በፍጥነት እንዳትነጂያት» አልከኝ። ለምን ስልህ «እንዲሁ ነው» አልክ። እንዲሁ ብሎ ነገር አለ? ጭራሽ አባስከው።

ባለፈው የአንድ የሥራ ባልደረባችን አባት ሰንዳፋ አርፈው ለቅሶ ልንደርስ አያንቱን ይዤ ወጣሁ። ለገጣፎን እንዳለፍን መንገዱ ጭር አለልኝ፤ አንተም ስለከለከልከኝ ይሁን ምን እንጃ ነዳጁን ረገጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ አንድ ሰው በጣቱ የሚያንኳኳ የሚመስል ድምፅ መጣ። አያንቱ «በር አልተዘጋም እንዴ?» አለች። ተዘግቷል። ፍጥነት ስጨምር ማንኳኳቱ ድብደባ ሆነ። በስፖኪዮ ሳይ የኋላው በር ጌጥ ከፊቱ በኩል ተነስቶ ነፋስ ገብቶበታል፤ ወደ ውጭ እየተለጠጠ ይመለስና መስታወቱን ይመታል። ከኋላችን ሞተር ሳይክል እየመጣ ነበር፣ ሰውየው ከኋላው ልጅ አስቀምጧል። ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እንዴት እንደያዝኩትና ጥጌን ይዤ እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እነሱ አልፈውን ሄዱ፤ ምንም አላዩም።

ወርጄ ሳየው ጫፉ ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። በእጄ ስስበው ያለ ችግር መጣ። ጠርዙ እንደ ቢላ ነው፣ ጀርባው ላይ ቢጫ ማስቲሽ ደርቆበታል።

ያንን ማስቲሽ አውቀዋለሁ፤ በለጠፍንበት ቀን እጄ እስኪመሽ ሸቶኛል። በሮቹን ቀለም ስናስቀባ ጌጡን የሚይዙት ክሊፖች ተሰበሩ፤ ጋራዡ «አዲስ ክሊፕ እስኪመጣ ታገሱ» ሲለን አንተ መታገስ መች ታውቅበታለህ። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ሸሚዝህን ጠቅልለህ «ማስቲሽ ይበቃዋል» አልክ። እኔ በአንድ ጫፍ ያዝኩልህ፣ አንተ እየተጫንክ ለጠፍክ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ስቄብህ ነበር። አንተም «የኔም ማስቲሽ እንደኔ ነው፣ የያዘውን አይለቅም» አልከኝ። ደስ ብሎን ነበር ያን ቀን።

አስፋልት ዳር ቆሜ ነገሩ ገባኝ። ሌባ የሚባል የለም። የፊተኛውም እንዲሁ እየነዳህ ሄዷል። ግን ጌጥ ወልቆ ወደቀ ማለት ምን ነውር አለው? ለምን ሌባ ፈጠርክ?

ከለቅሶው ስንመለስ አያንቱን አውርጄ ኮተቤ በዳዳ ጋራዥ ገባሁ። ጌጡን ሲያየው አልደነቀውም። «ይሄም ወለቀ?» አለ። «ባለቤትሽን፣ ኢንጂነርን ነግሬው ነበር እኮ። ጌጧ ወልቋል ብሎ የደወለ ቀን፣ የቀሩትንም ባግባቡ እንሰር ብዬው ነበር።»

«የማን ጌጥ?»

«የመኪናዋ ነዋ። የማን መሰለሽ?»

ነአምን፣ እዚያ ዘይት የጠጣ መሬት ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ወንዶች ስለ መኪና ሲያወሩ እሷ፣ ይቺ፣ አመሏ፣ ጠባይዋ እንደሚሉ እንዴት ረሳሁት? ስንት ሌሊት ያቃጠለችኝ ሴትዮ ደጃፌ ላይ የቆመች መኪና ሆና ተገኘች። ደውዬ ልነግርህና አብረን ልንስቅ ስልኬን እያወጣሁ ነበር።

በዳዳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሴትየዋስ እንዴት ናቸው? እጃቸው ተሻላቸው?» አለኝ።

«የትኛዋ ሴትዮ?»

ፊቴን አይቶ ምን እንዳደረገ ገባው። «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ኮፈን ውስጥ ሊደበቅ ሞከረ። ከኔ ደግሞ ተደብቆ የሚያመልጥ ሰው የለም፤ አጠገቡ ቆምኩ። ያንን የኋላውን ጌጥ በክሊፕ አሰረው፤ ሲጨርስ «ቀበና፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ የወርቄ ባልትና ብትዪ ያሳዩሻል። እኔን ግን እንዳታነሺኝ፣ በምስጢር ነው የነገረኝ» አለ። አነሳሁት፣ ይቅር ይበለኝ።

«ናቸው» ማለቱ ትንሽ አረጋግቶኝ ነበር፤ ውሽማ አንቱ አትባልም። ቢሆንም ያዘጋጀሁትን ንግግር አልጣልኩትም። ዛሬ ጠዋት ለብሼ፣ ተቀባብቼ ቀበና ወረድኩ። መኪናዋን ሱቁ ደጃፍ ላይ አቆምኳት፣ ማን እንደመጣች ይታይ ብዬ። የበርበሬው ሽታ ገና ከበሩ አስነጠሰኝ። ውስጥ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት ተቀምጠዋል። «የነአምን ባለቤት ነኝ» አልኩ፣ ኮስተር ብዬ።

ብድግ አሉ። «የዚያ የእግዜር ሰው ሚስት?» አሉና አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ፤ ሰላም ያሉኝ በግራ እጃቸው ነው። «በግራዬ ስለሰጠሁሽ ይቅር በይኝ ልጄ፣ ቀኙ እምቢ ብሎኝ ነው።» ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ከአንጓው በላይ የተሰፋ ጠባሳ አለው፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። 

ሻይ አስቀዱልኝና አወሩኝ። ከለገጣፎ በርበሬ ገዝተው አያት መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ አንዲት መኪና በፍጥነት አለፈች። ከሷ ተነቅሎ የበረረ ነገር ነው እጃቸውን የመታው። እጃቸውን ወደ ፊታቸው ባያነሱት ዓይናቸውን ነበር። «ጅማቱ ተቆርጧል አሉኝ። በርበሬ ደግሞ በአንድ እጅ አይቀነጠስም» አሉ። «ቆሞ ቢሆን ኖሮ አልቀየመውም ነበር። ሰው ነው፣ ዕቃው ወለቀበት፣ ምን ያድርግ? ዞር ብሎ አየን እኮ፤ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ነበር። ከዚያ ሄደ።»

ከኋላቸው፣ የቅመም ማሰሮዎቹ መደርደሪያና ግድግዳው መሃል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ቆሟል። ጫፉ ወጥቶ ያብረቀርቃል፤ በጠርዙ ቢጫ ማስቲሽ ይታያል። ሳፈጥበት አይተው «እሱ ነው» አሉ። «ጣይው ይሉኛል። የሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ይመጣል፣ ያን ቀን እሰጠዋለሁ።»

ውሽማ በሆነች ይሻለኝ ነበር። ለውሽማ ንግግር ነበረኝ፤ ለዚህ ምንም አልነበረኝም።

እሱን እንኳ ልችለው እሞክር ነበር። ደነገጠ፣ ሸሸ፣ በኋላ ሕሊናው አላስተኛው አለና አፈላልጎ ብርቱካን ይዞ መጣ ብዬ ላንተ መሟገት ጀምሬ ነበር፣ እዚያው ተቀምጬ። እሳቸው ግን ምስጋናቸውን አልጨረሱም። «መከራዬን ከሰው ሰምቶ ነው የመጣው፤ ከወለድኳቸው ይልቅ የሚቆረቆርልኝ እሱ ነው» አሉ። «በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል። ‹ታርጋውን ያየ ሰው አልተገኘም? ፖሊስስ ምንም አላለም?› ይለኛል። አልተገኘም ስለው ዝም ይላል፣ አዝኖልኝ።»

በመጣህ ቁጥር፣ ነአምን።

ልንገራቸው አልኩ፤ ግን ተውኩት። ያንተን ኃጢአት እኔ ልናዘዝልህ? ተነሳሁ። ያኔ ነው መኪናዋ ደጃፍ ላይ መቆሟ ትዝ ያለኝ። «በቃ እትዬ ወርቄ፣ አይውጡ፣ እዚሁ እንሰነባበት» አልኩ። ሰምተውኝ ነው? «እኔ ቤት እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም፣ ባልሽንም እስከ ድልድዩ ነው የምሸኘው» ብለው በደህና እጃቸው ክንዴን ያዙ። ወደ ሌላኛው ጎን ልጎትታቸው ሞከርኩ። ወጣን።

የኋላው በር ጌጥ በዳዳ እንዳሰረው ያብረቀርቃል። የፊተኛው በር ባዶ ነው፤ የደረቀ ቢጫ ማስቲሽ ብቻ በመስመር ቀርቶበታል። እትዬ ወርቄ ቆሙ። በግራ እጃቸው ማስቲሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። 

«እሱ ሁሌ በእግሩ ነበር የሚመጣው» አሉ በመጨረሻ። «መኪና የለህም ወይ ስለው፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው ይለኛል።»

«እትዬ ወርቄ…»

«ተዪ። አንቺ አትንገሪኝ።» ከዚያ ላንተ መልእክት ሰጡኝ፤ መጨረሻ ላይ እጽፍልሃለሁ።

ይህን የምጽፍልህ እንጦጦ ማርያም አጠገብ፣ መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ነው። በእግሬ እሄዳለሁ ስትል የከረምክበትን ቦታ ልየው ብዬ ወጣሁ። ዳገቱን በቀስታ ሳወጣት ምንም አልወለቀም። አሁንም አንድ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም፣ እሱን ራስህ መልስልኝ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ነበር የምትሄደው ወይስ ልታጣራ? ሁለቱም ነው ካልከኝ ለማመን እሞክራለሁ። እወድሃለሁ፣ ይሄን አልክድም፤ ያ ማስቲሽ የሸተተው እጄ አሁንም ይወድሃል። ግን ታርጋ የሚጠይቅ ሰው አጠገብ እንዴት እንደሚተኛ አላውቅበትም።

ዓርብ ና። ቅዳሜ አብረን እንወርዳለን፣ መኪናዋን ደጃፉ ላይ እናቆማታለን፤ የምትናገረው ግን አንተ ነህ፣ እኔ ትንፍሽ አልልም። ፖሊስ ጋ እንሂድ ካሉም እንሄዳለን። ጌጡን አላመጣሁትም፣ እዚያው ግድግዳው ሥር ነው፤ ባለቤቱን እየጠበቀ። ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የቤታችንን በር የምከፍትልህ አይምሰልህ።

የእትዬ ወርቄ መልእክት ይሄ ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም። «ቅዳሜ ይምጣ በዪው። ብርቱካን ግን እንዳያመጣ።»

እስከ ቅዳሜ ድረስ ሚስትህ፣
ሩሃማ