ከፎቶ በኋላ ስለሚቆለፈው መነጽር

በሶባ ለሚገኘው የዓሳ እርባታ ክቡር ሙዲር፣ ሥራ አስኪያጃችን፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየገንዳው ያሉት ዓሳዎችዎም እንደምን ከረማችሁ? ዓሳዎቹን እንኳ በየቀኑ ስለማያቸው ደህና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከእኛ በላይ ወፍረዋል። ዐረብኛዬ ለሱቅ እንጂ ለደብዳቤ ስለማይበቃ በአማርኛ ጽፌ በቢሮዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጸሐፊዎ ነጂብ ያነብልዎታል፣ የአገሬ ልጆችም አብረው ያንብቡት።

በቅድሚያ ለዓሳዎቹ ስለሚያስቡላቸው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሆዳቸው እንዳይታወክና ቶሎ እንዲያድጉ፣ የአሲድ ጨው የሚባለውን ነጭ ዱቄት ከሩቅ አገር አስመጥተውላቸዋል። እኔና የሥራ ጓደኛዬ መዲና ሸራ ላይ ተቀምጠን፣ ዘይት እያርከፈከፍን፣ እንደ ሊጥ በእጃችን ከመኖው ጋር የምናሸው እሱን ነው። ነፋስ የተነሳ ቀን ደግሞ ከዓሳዎቹ ቀድመን እኛ እንቀምሰዋለን፤ ለዚህም ግብዣ እናመሰግናለን።

ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፦ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና መነጽር ገዝተውልናል፤ አላህ ይስጥልን። እንግዶች የመጡ ዕለት አልብሰውን ፎቶ ተነሳን፤ የእንግዶቹ መኪና ከግቢው ሳይርቅ ግን እንዳይቆሽሽ ተብሎ ተሰበሰበና ቁም ሳጥን ተቆለፈበት። የዕቃ አያያዝዎ ያስቀናል፤ መነጽሩ እስካሁን ጭረት እንኳ የለበትም።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ሳምንት ዱቄቱ መዲና ቀኝ ዓይን ውስጥ ገባ። የመኖ ክፍሉ አለቃችን «ማዓሌሽ፣ ምንም አይደል፣ በሻይ እጠቢው» ብለው እዚያው ሸራው ላይ መለሷት። ዛሬ በዚያ ዓይኗ የሚታያት ጭጋግ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ብል ኢቃማዋ ከእርስዎ መሳቢያ አልወጣም፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በየመንገዱ ያለውን ፍተሻ አታልፍም። ከወሎ አብረን ነው የመጣነው፤ አሁን እጇን ይዤ የምመራት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ልል ነበር፤ ግን ሁለተኛው በቅቶኛል።

ክቡር ሙዲር፣ አንድ ዓሳ ሆዱ ቢነፋ በዚያው ቀን ሐኪም በመኪና ይመጣለታል። ስለዚህ መዲናን ለአንድ ቀን ከዓሳዎቹ እንደ አንዷ ቆጥረው፣ ኢቃማዋን ሰጥተው፣ ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ያስልኩልኝ። እሷ እስክትታይና ቁም ሳጥኑ እስኪከፈት ድረስ እኛ ሴቶቹ ሸራው ላይ አንቀመጥም።

ለዓሳ ያለዎትን ርኅራኄ አላህ ያብዛልዎ፣ ተርፎም ለሰው ይድረስ እያልኩ ከገንዳው ዳር እጅ የምነሳ፣

ሀኒፋ፣ መኖ አሺዋ

ማሳሰቢያ፦ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ያንን ፎቶ እባክዎ አያውርዱት። መነጽር አድርጋ የምትስቀው መዲና ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና ሳሉ የተነሳችው እሱን ብቻ ነው።