ሁለቱ ኤሶች

ማክሰኞ

ናፍቄያቸዋለሁ! እኔ! ከጥርስ ሐኪም ቤቱ ፖስትካርድ መጣልኝ። «ዊ ሚስ ዩ» ይላል፣ በብሩሽ በተጻፈ ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል። የዋይዋ ጭራ ወፍራ ጀምራ ትቀጥናለች፤ ብሩሹ ቀለም ያለቀበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። ማሪሴል ናት የጻፈችው፣ እንግዳ ተቀባይዋ። የፊሊፒንስ ልጅ ናት፤ አምና ስለ እናቶቻችን ስናወራ ተራዬ አልፎኝ ነበር። አውራ ጣቴን በምራቅ አርጥቤ አሸት አሸት አደረግኩት፤ አልለቀቀም። ጥሩ ቀለም ገዝታለች።

ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ልጄ ከሚኖርበት ከተማ ከኤድመንተን «ኦኬ ነሽ?» ብሎ ቴክስት ያደርጋል። ኦኬ ነኝ እላለሁ፣ አለቀ። በእጅ የተጻፈ ነገር ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ከገባ ግን ስንት ጊዜው!

ነገ ከሥራ ኦፍ ነኝ። ባዶ እጄን አልሄድም።

ረቡዕ

ዳቦ ቆሎ ቆልቼ፣ ክዳን ባለው የመስታወት ሳህኔ ይዤ ሄድኩ። ከሰፈሬ ከቶርንክሊፍ አውቶቡሱ ዘገየ። «ሚስ ፀሐይ!» አለችኝ ማሪሴል፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ደስ አላት፣ ግርም አላት። ጠረጴዛዋ ላይ የኔው ዓይነት ካርድ ካርቶን ሙሉ አየሁ። ቅር አለኝ፣ ለኔ ብቻ መስሎኝ። ከዚያ ደግሞ አሳዘነችኝ፣ ይህን ሁሉ ስትጽፍ! «እጅሽን አላመመሽም?» አልኳት በዚያች እንግሊዝኛዬ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልክ ሲጠራባት ሳህኑን ትቼላት ወጣሁ።

ሐሙስ

ጋሽ መርዕድ ከአራተኛ ፎቅ ሻይ ሊጠጡ መጡ። አገር ቤት ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠሩት።

«ለጥርስ ሐኪም ዳቦ ቆሎ? ሥራ ልትፈጥሪላቸው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ፍሪጁ ጋ ቆሙ።

«ፀሐይ፣ ይሄ እኮ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። የኮምፒውተር ፊደል ነው፤ ብሩሽ እንዲመስል የተሠራ።»

«ይተዉ እንጂ!»

«ሚስ የሚለውን እዪው። ሁለቱ ኤሶች መንታ ናቸው። ሰው በእጁ ሲጽፍ ሁለቴ እኩል አይወጣለትም።»

አየሁ። ቀለም ያለቀባቸው ቦታ እንኳ አንድ ነው።

እጅሽን አላመመሽም ያልኳት ትዝ ሲለኝ ፊቴ ጋለ። ሳህኑ እዚያው ይቅር። አልሄድም።

ዓርብ

አሁን ያንን ፊደል የትም አየዋለሁ። ሳሙናው ላይ። የዳቦው ከረጢት ላይ። የካፌው መስኮት ላይ። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ወረቀት ላይ፣ በእንግሊዝኛው በኩል። ሁሉም በእጁ የጻፈልኝ ይመስላል፣ ማንም አልጻፈልኝም። ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ ጋሽ መርዕድን ብጠይቃቸው «ወዳጅ እንዲመስል ነዋ» አሉኝ።

ካርዱን ከፍሪጁ አነሳሁት። መጣሉ ግን አልሆነልኝም፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ

ማሪሴል ኮል አደረገች። «ሚስ ፀሐይ፣ ሳህንሽ!» ይቅር ልላት ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። ነገ እመጣለሁ አልኳት።

ማክሰኞ

ምሳ ወጥታ ነበር። ሌላዋ ልጅ ሳህኑን ሰጠችኝ። ከበደኝ። ለካ የደረቀ ማንጎ ሞልታበታለች፤ እነሱም ሳህን ባዶውን አይመልሱም ማለት ነው። ክዳኑ ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «ታንክ ዩ ሚስ ፀሐይ። ሁሉንም ጨረስነው። አሠራሩን ታሳዪኛለሽ?»

አውቶቡስ ውስጥ ሚስ የሚለውን አየሁት። የፊተኛዋ ኤስ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ የኋለኛዋ ልትተኛ ትንሽ ነው የቀራት። ስሜንማ ጭራሽ አሳስታዋለች።

አውራ ጣቴን አርጥቤ ልሞክረው ብዬ ተውኩት። ይሄኛው ይለቃል።