አዲሱ አፕዴትና የባለቤቴ ፎቶዎች

ኅዳር 3
እንደ ወትሮው። ባለቤቴ ካሜራዋን አንግታ ሰርግ ልታነሳ ወጣች፣ እኔ ቤታችን ውስጥ ባለው ስቱዲዮ፣ ወንበሬ ላይ። እሷ ታነሳለች፣ እኔ አስተካክላለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ሥራችን እንዲህ ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ መልእክት ብቅ አለ። ፎቶ የማስተካክልበት ፕሮግራም አዲስ አፕዴት መጥቶለታል። ፊትን ከኋላው ካለው ነገር ራሱ ይለያል፣ ጨለማ ውስጥ የተነሳውን ያጠራል... ጉራ ብቻ።

ራት ላይ ነገርኳት። "እስኪ ሞክረው። ደህና ከሆነ ከዚያ ወንበር ትላቀቃለህ፤ እኔም ሰው አገኛለሁ" አለች። ሰው አገኛለሁ? ቤት ውስጥ አይደለሁ እንዴ?

ኅዳር 4
የድሮውን ሳላጠፋ አዲሱን ጫንኩ። ካሜራው ሳይነካካ እንዳለ ካስቀመጣቸው ጥሬ ፎቶዎች አስቸጋሪዎቹን መረጥኩ። በሻማ ብርሃን የተነሳች ሙሽራ ነበረች፣ ፊቷ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል። አንዴ ተጫንኩ። ጠራ። ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል።

ደስ አለኝ? አላለኝም። እኔ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን፣ ሻዬ ሳይበርድ ጨረሰው። ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?

ኅዳር 6
እንከኑን አገኘሁት። አመሻሽ ላይ ስሞክረው ሰው ሁሉ ቢጫ! ሙሽራው ጉበቱን የታመመ ይመስላል፣ ቬሎው ሻይ የተደፋበት። የድሮውን ከፍቼ ማወዳደር እንኳ አላስፈለገኝም። ወዲያው ለአምራቾቹ ጻፍኩ። "ዓይን ያለው ሰው ሳያየው ነው ወይ ያወጣችሁት?" ብዬ ጨረስኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ኅዳር 7
አፈርኩ። ሲመሻሽ ባለቤቴን ጉዱን ላሳያት ጠራኋት። ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ ባዶ ወረቀት አንስታ ስክሪኑ አጠገብ ያዘች።

"ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"ነጭ።"

"ስክሪኑ ላይ ያለው ባዶ ገጽስ?"

ቢጫ። ገጹም ቢጫ፣ ስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓትም ቢጫ። ለካ ባለፈው ወር የዓይን ሐኪሙ ሲመክረኝ፣ ሲመሽ ስክሪኑ ብርሃኑን ወደ ቢጫ እንዲያለዝብ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። በቀለም እንጀራውን የሚበላ ሰው...

"ለሰዎቹ ጽፈህላቸዋል እንዴ?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ራት ላይም "ሊቁ፣ እስኪ ጨው አቀብለኝ" ትለኛለች።

ኅዳር 8
ይቅርታ ጻፍኩላቸው። አጭር።

ኅዳር 11
ዛሬ ባለቤቴ ዘዴ አመጣች። አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ አትማ መጣች፤ አንዱ እኔ በድሮው የደከምኩበት፣ ሌላው አዲሱ ብቻውን የሠራው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። "ያንተ የቱ ነው?"

ሳላመነታ ጠቆምኩ። "ይሄ። የጉንጯን ጥላ አየሽው? ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ ማሽን መቼም..."

ገለበጠችው። ከጀርባው "አዲሱ" ብላ ጽፋበታለች።

አልሳቀችም። "ከፋህ?" አለች። ከፋኝ አልኳት። ለምን እዋሻለሁ? የምፈለገው ለዚህ ሥራ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።

"እኔ እኮ ፎቶ ስለምታሳምር አይደለም ያገባሁህ። ያኔ ካሜራ በየት በኩል እንደሚያዝ አታውቅም ነበር።" ቀጥላም፣ "ለቅዳሜው ሰርግ ሁለተኛ ካሜራ ያዥ የለኝም" አለች። ነገሩ ገባኝ፤ ለካ ያን ቀን "ሰው አገኛለሁ" ያለችው እኔን ነው።

ኅዳር 12
ወሰንኩ፣ ወደ አዲሱ እንዛወራለን። ሰማዩን ያለ ልክ ያሰማምረዋል፣ የሕፃን ፀጉር ላይም ይሳሳታል። እሱን እኔ አርማለሁ። ሌላው ደህና ነው። ይህቺን "ደህና ነው" ለመጻፍ ምን ያህል ታገልኩ...

ኅዳር 16
ሰርግ ዋልን። እግሬ አልቋል። ካነሳሁት ግማሹ የሰው ጀርባ ነው።

ግን ያየሁት ነገር... በእሷ ፎቶዎች ላይ ሰው ሁሉ ከልቡ ይስቃል። ሳስተካክላቸው፣ ምን ዓይነት ደስተኛ ደንበኞች ናቸው ያሉን እል ነበር። ለካ የሚያስቃቸው እሷ ናት! ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጥታለች። የሙሽራው አጎት ፊታቸውን ቋጥረው ቆመዋል። "ጋሼ፣ ዛሬ የምንድረው እርስዎን አይደለም፣ ምን አስፈራዎት?" አለቻቸው። ሰውየው በሳቅ ፈነዱ፣ እሷም ጠቅ አደረገች። ይህን ሁሉ ዓመት የሥራዋን ውጤት ሳይ ኖሬ እሷን ሥራ ላይ አይቻት አላውቅም። ቆጨኝ። ዞር ብዬ አነሳኋት።

ቤት ገብተን አዲሱ ላይ ከፈትኩት። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ግንባሯ በላብ ያበራል፣ አፏ ክፍት ነው። ፕሮግራሙ ፊቱን ላስተካክል ወይ ይለኛል። እሷ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

"አታስተካክለኝም?"

"ምንሽን?"

እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። "በል አትመው" አለች። እንዳለ አተምኩት።