«ደክሞኛል» እና «ደክመዋል»

ለተወደድሽው ልጄ ለወለተጻድቅ ሀብተማርያም
አለማያ

ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አንድ ግስ፣ በዚያም ግስ ሰበብ ከእርሻ ኮሌጅሽ ለመዛወር ስለ ማሰብሽ ልጽፍልሽ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳል ተወሽ? የማደሪያ ጓደኛሽ ጫልቱስ ደኅና ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና ምርኩዝ ይዤም ቢሆን ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ተሳልሜ እመለሳለሁ።

«ወይዘሮ ፋሪዳ ‹አባትሽ ደክመዋል› ብለው ስለ ጻፉልኝ፣ እዚያው አዲስ አበባ ወዳለው የንግድ ሥራ ኮሌጅ መዛወሬ ግድ ሆኗል» ያልሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። እውነቱ እንዲህ ነው። በበልጉ ዝናብ ደጃፋችን ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ፤ ቀኝ እግሬም ወለም አለ። አንሥተው ቤት ያገቡኝ ጎረቤታችን ወይዘሮ ፋሪዳ ናቸው። «ምን ይሰማዎታል?» ቢሉኝ «ደክሞኛል» አልሁ። ለኅብረት ሱቁ ስኳር ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፌ፣ ከዚያም የቀበሌ ስብሰባ ላይ ውዬ መመለሴ ነበር። እርሳቸው ግን «ደክመዋል» ብለው ጻፉልሽ።

ልዩነቱን በልጅነትሽ አስተምሬሻለሁ። «ደክሞኛል» የሚል ሰው ድካሙ የመጣበት ነው፤ ተኝቶ ሲነሣ ይተወዋል። «ደክሟል» የተባለ ሰው ግን የግሱ ባለቤት እርሱ ራሱ ነው፤ ዕድሜው አዘንብሏልና ዘመድ ይሰብሰብ ማለት ነው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ይህንኑ ባስረዳቸው ወይዘሮ ፋሪዳ ከት ብለው ሳቁና «ጋሼ፣ እግርዎ ወለም ብሎም ሰዋስው ያርማሉ! ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ፤ ስሕተቱም የእርስዎ ነው» አሉኝ። በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ያስተማርኋቸው በእርግጥም እኔ ነኝ። በሕይወታቸው የጻፉት የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ሆነም ልቆጣቸው አልቻልሁም።

ብትዛወሪ የሁለት ዓመት ትምህርትሽ እንደማይቆጠርልሽ ራስሽ ጽፈሻል። ባለፈው ክረምት የጓሯችን ጎመን ለምን ቢጫ እንደ ሆነ፣ ከአፈሩ እፍኝ ዘግነሽ በጣትሽ እያሸሽ ስታስረጂኝ ፊትሽ ምን ይመስል እንደ ነበር እኔ አይቻለሁ፤ አንቺ አላየሽውም። ስለ ንግድ ሥራ እንደዚያ ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም።

ሐቁን መሸሸግ ግን አልወድም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። ከፌርማታው እስከ ደጃችን ያለችው ዳገት ረዝማብኛለች። አንዳንድ ቀን ተኝቼ ስነሣም ድካሙ አይተወኝም፤ ያን ጊዜ የወይዘሮ ፋሪዳ ግስ ትክክል ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ብትመጪ ደስ ይለኛል። ለእኔ ብለሽ የጣልሽውን ትምህርት በየማለዳው ፊትሽ ላይ እያነበብሁ መኖር ግን ከዳገቱ ይልቅ ይከብደኛል።

ሐረር ስትወርጂ ለአጎትሽ ለኃይለ መስቀል፣ ለባለቤቱ ለዘመነችና ለልጆቻቸው ሁሉ ናፍቆቴን አድርሺልኝ። ጫልቱንም ሰላም በዪልኝ። ወይዘሮ ፋሪዳ ጉንጭሽን ስመውሻል፤ እስከ ዛሬም አልተሳሳትሁም ይላሉ።

አንድ እርማት ብቻ ይቀረኛል። «መዛወሬ ግድ ሆኗል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ «መዛወሬ» ነው፤ አንቺ የለሽበትም። መልስሽ «ወሰንሁ» በሚል ግስ ተጽፎ እስከ ሚያዝያ 15 ቀን ድረስ እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ። «እዚሁ ልቆይ ወሰንሁ» ብትዪም፣ «ልመጣ ወሰንሁ» ብትዪም አላርመውም።

አባትሽ
መምህር ሀብተማርያም ወልደሰንበት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 19 ቀን 1974 ዓ.ም.